ከ«ደኅና ነህ?» ቀጥሎ

ባለፉት እትሞች በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ብዙ ተጽፏል። ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ትምህርት ጥራት ያልተባለ የለም። የምግብ ቤቱ ወጥ እንኳ ጸሓፊ አግኝቷል፤ ወጡም ከትልልቆቹ ጉዳዮች አንዱ መሆኑን አንክድም። እኛ ዛሬ የተነሣንበት ነገር ግን ትንሽ ነው። ከትንሽነቱ የተነሣ ስለ እርሱ ለመጻፍ ጥቂት አፍረን ነበር። ነገሩ ሰላምታ ነው፤ ይልቁንም ከሰላምታው ቀጥሎ መምጣት ሲገባው የማይመጣው ጥያቄ ነው።

«እኛ» ስንል እነማን እንደ ሆንን አስቀድመን ብንናገር ይሻላል። ከአስኮ ስድስት ኪሎ በየቀኑ የምንመላለስ አራት የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ብዕሩን የያዘው አንዱ ነው፤ ሐሳቡን ግን አራታችንም ተከራክረንበታል። ያልተስማማንበትም ነጥብ አለ፤ ቦታው ሲደርስ አንደብቀውም።

አስኮን ለማያውቁ አንባቢያን፣ ሰፈራችን ከከተማው በስተ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ወደ ምዕራብ አገር የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚነሡበት መናኸሪያ አለው። «ብርጭቆ ፋብሪካ ወራጅ አለ!» የሚል ጩኸት እየሰማን ያደግን ልጆች ነን። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከሳንሱሲም ከቡራዩም የመጣው ሠራተኛና ተማሪ ከእኛ ጋር ተደርቦ ለታክሲ ይሰለፋል። ከዚያ በዊንጌትና በጳውሎስ አድርጎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይዞ ስድስት ኪሎ ለመድረስ፣ ሰልፉን ሳንቆጥር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

በዚህ ሰልፍ ላይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አብሮን የሚቆም አንድ ልጅ አለ። የሚማረው በእኛው ግቢ፣ ከእኛ አንድ ዓመት ዝቅ ብሎ ነው። ስሙን አናውቅም ነበር፤ እርስ በርሳችን ስናወራ «ባለ አረንጓዴ ሹራቡ» እንለዋለን። በየማለዳው «ሰላም ነው? ደኅና ነህ? ሁሉ ሰላም?» እንለዋለን፤ እርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» ይለናል፤ እኛም «ይመስገን» ብለን ወደ ስልካችን እናቀረቅራለን። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ስንቀመጥ «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ ልክፈል» እየተባባልን እንታገላለን። ባልንጀሮች ነን ብለን እናምን ነበር።

ባለፈው ኅዳር ለአሥር ቀን ያህል ከሰልፉ ጠፋ። ሲመለስ ሹራቡን ትቶ ጥቁር ጃኬት ለብሷል። «ጠፋህ እኮ!» አልነው። «አለሁ» አለን። ከዚያ ስለ ፈተና ፕሮግራም አወራን። እንዲህ ሆነን ሦስት ቀን ሄድን። በአራተኛው ቀን ታክሲው ዊንጌት ሊደርስ ሲል ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ መጣና፣ የሁላችንን ሲቀበል የልጁን እጅ ግን መለሰው። «ያንተስ ይቅር። እግዜር ያጽናህ ወንድሜ፤ የእናት ነገር ከባድ ነው» አለው።

እኛ አራታችን የምንገባበት ጠፋን። የልጁ እናት ከመስከረም ጀምሮ በጠና ታመው ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ በየማለዳው «ደኅና ነህ?» ብለነዋል፤ በየማለዳውም «ይመስገን» ብሎናል። የእድሩ ጥሩምባ በሰፈራችን የተነፋበትን ሌሊት በኋላ ስናሰላው ደግሞ፣ ሁለታችን ሰምተነው ነበር። ሰምተን ብርድ ልብሳችንን ወደ ላይ ስበን ተኝተናል። ረዳቱስ በምን ዐወቀ? አፍረን ጠየቅነው። ልጁን ጥቁር ለብሶ ሲያየው «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» እንዳለው፣ ልጁም መጀመሪያ «ምንም» ብሎ ቆይቶ እንደ ነገረው አጫወተን። ረዳቱ እንግዲህ «ምንም» ከተባለ በኋላ አልሄደም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኛም ለወራት ጠይቀናል፤ ሁለተኛውን የጠየቀው እርሱ ብቻ ነው።

አማርኛችን በሰላምታ ድኻ አይደለም። ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፣ የቀድሞው ሰላምታ የሚለካው ጊዜን ነው። ማታ የተለየነውን ሰው «እንዴት አደርክ?»፣ ጠዋት የተለየናትን «እንዴት ዋልሽ?»፣ ጥቂት ቀን ያላየናቸውን «እንዴት ሰነበቱ?»፣ ወራት ያለፉባቸውን ደግሞ «እንደምን ከረሙ?» እንላለን። ትክክለኛውን ግስ ለመምረጥ ሰላምታ ሰጪው ያን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳየው ማስታወስ ይኖርበታል። እንግዲህ አያቶቻችን «እንዴት ሰነበትክ?» ሲሉ፣ ሳይናገሩት «ከሰሞኑ ከዓይኔ ጠፍተህ ነበር፤ ቆጥሬሃለሁ» ማለታቸው ነበር። ዛሬ በእነዚህ ሁሉ ፈንታ «ሰላም ነው?» የምትል አንዲት አነጋገር ተቀምጣለች። በራሷ ጥፋት የለባትም፤ ሰላም ለማን ይጠላል? ነገር ግን ትናንት ያየነውንም ከ3 ወር በፊት ያየነውንም በአንድ ቁና ትሰፍራለች። ልጁን ከአሥር ቀን በኋላ ስናገኘው ግሱን ለመምረጥ ብንሞክር ኖሮ፣ ምርጫው ራሱ «ይህ ልጅ አሥር ቀን የት ሰነበተ?» ብሎ ባነቃን ነበር። ከመካከላችን የቋንቋ ተማሪው በመጀመሪያ ያቀረበልን ልማድ ይህ ነው፤ ግሱን መምረጥ። ገንዘብ አያስወጣም፣ ጊዜም አይፈጅም። እኛ ከጀመርን ጥቂት ሳምንት ሆኖናል። መጀመሪያ ሰው «ምነው እንደ ሽማግሌ ተናገርክ?» ብሎ ይስቃል፤ ሳቁ ራሱ ለወሬ መነሻ ሲሆን አይተናል።

ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሐሳብን ሸፍኖ መናገር ምን ያህል የተከበረ ጥበብ እንደ ሆነ በሰፊው አትቷል። በሐተታው ሁሉ አንስማማም፤ የሆነ ሆኖ «ደኅና» የምትለው ቃላችን ሰም መሆኗን ማን ይክዳል? «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው ዋሾ አይደለም። በሰልፍ መካከል፣ ሰው በሚሰማበት ጉዳቱን መዘርገፍ ነውር ሆኖበት ነው። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት የጠያቂው ሥራ ነው እንጂ የተጠያቂው አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ ችግር ነው፤ እኛ በባህላችን ማኅበራዊ ሕዝብ ነን» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጃፓኖችም በ2021 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሲሰይሙ ከእኛ ዘንድ የሳቀ ብዙ ነበር። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ያወጣው ሪፖርት ሳቁን ያቆማል። በዚያ ሪፖርት መሠረት ከዓለም ሕዝብ ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት ያጠቃዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ግን ሌላው ቍጥር ነው፤ ብቸኝነት ይሰማናል የሚሉት ሰዎች በሀብታም አገሮች 11 በመቶ ያህል ሲሆኑ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 24 በመቶ ያህል ናቸው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ወጣቶችም ከሚበዛባቸው ወገን ናቸው። እንግዲህ ድኽነትና ወጣትነት ሁለቱም በእጃችን ነው፤ «ማኅበራዊ ነን» የሚለው ኩራት ከዚህ በኋላ ማስረጃ ይፈልጋል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄም የተጠና ነገር አለ። በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ካረን ሁዋንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲነጋገሩ ብዙ የሚጠይቁ ሰዎች ይበልጥ እንደሚወደዱ አሳዩ። ከጥያቄም ዓይነት ሁሉ ኃይል ያለው ተከታይ ጥያቄ፣ ማለት ሰውየው አሁን ከሰጠው መልስ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። ለመተጫጨት በተዘጋጀ የአጭር ጊዜ መተዋወቂያም ላይ ተከታይ ጥያቄ የሚያበዙት ለሁለተኛ ቀጠሮ ይበልጥ ተፈልገዋል። (ይህን የምንጽፈው ለአንዳንድ ወንድሞቻችን ጥቅም ነው፤ ስም አንጠራም።) ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከቤት ተዘጋጅቶ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሰውየው እስኪናገር ድረስ አይገኝም። ስለዚህ መስማታችንን የሚመሰክረው እርሱ ብቻ ነው።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ተራ ባልንጀሮች ለመሆን 50 ሰዓት ያህል፣ ወዳጆች ለመባል 90 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጆች ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ እንደሚኖርባቸው ገመተ። እኛም ወረቀት አውጥተን አሰላን። ከባለ ሹራቡ ልጅ ጋር በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በአንድ መንፈቅ 16 ሳምንት፤ 80 ሰዓት። ወዳጅ ለመባል 10 ሰዓት ብቻ ቀርቶን ነበር፤ ስሙን ሳናውቅ! ሆል ራሱ እንደሚለው ጊዜው ብቻውን አይበቃም፤ በጊዜው ውስጥ የሚወራው ነገር ይወስናል። እኛ 80ውን ሰዓት ያሳለፍነው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ በየጆሯችን የተለያየ ዘፈን ሰክተን ነው።

ከዚህ ተነሥተን አንድ ነገር ለመሞከር ተስማማን። ከአስኮ እስከ ዊንጌት ድረስ ብቻ ስልክ ኪስ ውስጥ ይግባ፤ ከዊንጌት ወዲያ ያለው ነጻ ነው። ድፍረቱን ያገኘነው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኒኮላስ ኤፕሊና ጁልያና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ2014 ካወጡት ጥናት ነው። ባቡር ለሚሳፈሩ ሰዎች «ዛሬ አጠገባችሁ ከሚቀመጠው እንግዳ ጋር ተነጋገሩ» ብለው አዘዙ። ሰው ሁሉ መንገዱ የሚያስደስተው ዝም ሲል እንደ ሆነ ይገምት ነበር፤ የተነጋገሩት ግን ዝም ካሉት ይልቅ ተደስተው ወረዱ። አስኮ ቺካጎ አይደለምና የእኛ ውጤት የተደበላለቀ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን አንዳችን ሰላም ያሉት ጎልማሳ «ምን ፈልገህ ነው?» ብለው ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን በጫማ ፋብሪካ ረዥም ዘመን ከሠሩ እናት ጋር ተዋወቅን። እኚህ እናት የሁላችንንም ጫማ ከላይ እስከ ታች አዩና የትኛችን ወደ ቀኝ አዘንብለን እንደምንሄድ፣ የማናችን ሶል የክረምቱን ዝናብ እንደማይጨርስ ነገሩን። ቀጥለን ስንጠይቃቸው፣ በሥራ ቆመው የዋሉበት ዘመን ጉልበታቸውን እንዴት እንዳደረገው ሲያጫውቱን ዊንጌትን አለፍን፤ ስልክ ያወጣም የለም።

እዚህ ላይ ግን እኅታችን ተቃወመች፤ ተቃውሞዋም ትክክል ነው። «እናንተ ከማታውቁት ሰው ጋር ወሬ ብትጀምሩ ጨዋ ትባላላችሁ። እኔ ከማላውቀው ወንድ ጋር ብጀምር ስልክ ቍጥሬን ይጠይቀኛል፤ እስከ ፒያሳም አይለቀኝም» አለችን። ለሴት ተማሪ የጆሮ ማዳመጫው አጥር ጭምር መሆኑን እኛ አላሰብንም ነበር። የእርሷ ደንብ እንግዲህ የተለየ ሆነ፤ ከሴቶችና ከእናቶች ጋር ትነጋገራለች፣ ከቀሩት ጋር እንደ ፈቃዷ። ደግሞም ወንዶቹ ተማሪዎች ወሬን ለመያያዣ ብቻ ማድረጋችሁን ብታቆሙ የሴቶች እኅቶቻችሁ ዝምታ ግማሹ ይሰበር ነበር ትላለች፤ ቃሏን እንደ ወረደ አስፍረነዋል።

ስለ ስም ደግሞ እንናገር። እኛ ተማሪዎች የሰው ስም አለማወቃችንን የምንሸፍንበት የቃል መዓት አለን፤ «ፍሬንድ»፣ «ወንድሜ»፣ «አለቃ»፣ «እናት»። ፍቅር ይመስላሉ፤ ግማሽ ጊዜ ግን የስንፍና መጋረጃ ናቸው። የሚገርመው ነገር የኢትዮጵያውያን ስም ለሁለተኛው ጥያቄ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መሆኑ ነው። ማስረሻ የተባለው ልጅ ምን እንዲያስረሳ ነበር? ምትኩ የማን ምትክ ነው? ካሣ የምን ካሣ ሆኖ ተወለደ? ስንታየሁን የወለደች እናት ምን አይታ ነበር? ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ ሐዘን ባለፈበት ቤት የወጡ ናቸው። «ስምህ ማን ነው?» ብሎ «ማን አወጣልህ?» ብሎ የሚከተል ሰው ባንድ ጊዜ የቤቱን ደጃፍ አልፎ ጓዳው ይገባል። የክፍላችንን ልጆች እንዲህ ጠይቀን ባንድ ሳምንት የሰማነውን፣ በሁለት ዓመት የመማሪያ ወንበር መጋራት አልሰማነውም።

ነገር ግን አራታችን ክፉኛ የተከራከርነው በዚሁ ነው። ከመካከላችን አንዱ «በዚህ ዘመን ስምና አገር መጠየቅ ሰውን ማስፈራት ነው» አለ። ነገሩ እውነት አለው። «የየት አገር ልጅ ነህ? የአባትህስ ስም?» የሚለው ጥያቄ በግቢ ውስጥ ሰውን ለማወቅ ሳይሆን በየጎራው ለመመደብ ሲጠየቅ ሰምተናል። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል የተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ማጥፋቱን የማያስታውስ የለም። ያን ጊዜ እኛ ገና የሰፈር ተማሪዎች ነበርን፤ ታላላቆቻችን በየክፍለ ሀገሩ ካሉ ግቢዎች ሻንጣቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ግን አይተናል። ስለዚህ ይህ ወንድማችን ስለ ትውልድ ቦታ ፈጽሞ አይጠየቅ ይላል። ሌሎቻችን የምንለው ግን መርዙ ያለው በቃሉ ሳይሆን ከቃሉ በኋላ በሚሆነው ነው። ለመመደብ የሚጠይቅ ሰው መልሱን እንደ ሰማ ሥራው አልቋል፤ ሁለተኛ ጥያቄ የለውም። «ከደባርቅ ነኝ» ላለው ልጅ «ብርዱን እንዴት ትችሉታላችሁ?» ብሎ የሚቀጥል ሰው፣ «ከነቀምት ነኝ» ላለችው ልጅ «በአስኮ መናኸሪያ አልፈሽ ነዋ የምትሄጂው! ስንት ሰዓት ይወስድብሻል?» የሚል ሰው መዝገብ እየያዘ አይደለም። በዚህ ነጥብ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ አንባቢም ይፍረደን።

ለእኛ ወገን ግን ከግቢያችን ታሪክ አንድ ምስክር እንጥራ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት በሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከኢትዮጵያውያን ጋር ይማሩ ጀመር። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ባሕሩ ዘውዴን የመሰሉ የታሪክ ጸሓፊዎች የኢትዮጵያን ተማሪ ካነቃቁት ነገሮች መካከል ከእነዚህ እንግዶች ጋር መቀራረቡን ይቈጥራሉ። ንግግሩን በዚያ ተገኝተን አልሰማነውም፤ ነገር ግን «አገርህ የት ነው?» በሚለው ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባላነቃ ነበር። እንግዳው ስለ አገሩ የነጻነት ትግል ተጠይቆ፣ በተራው ስለ እኛ ገበሬ ኑሮ ሳይጠይቅ አልቀረም፤ ያን ጊዜ መልስ መስጠት ለባለ አገሩ ከባድ ሳይሆንበት አይቀርም። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው ማስተማር ሲጀምሩ የገጠማቸው ትምህርትም ከዚህ ዓይነት ነው፤ አስተማሪ ሆኖ የሄደው ጠያቂ ሆኖ ተመልሷል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስና፣ ለዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቱ በየቤታችን እያለ እኛ ከክፍል እንደምንቀር መናዘዝ አለብን። እናቶቻችን ቡና ሲጠሩን «አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ልሂድ፣ አሳይመንት አለብኝ» እንላለን። በአቦል ጊዜ የሚወራው የሽንኩርት ዋጋና የመብራት መጥፋት ነው። ቶና ሲደርስ የጎረቤት ነገር ይነሣል። ሰው የራሱን ነገር የሚናገረው በበረካ ነው። ይህን ያጠና ምሁር የለም፤ የየቤታችን ትዝብት ነው። እኛ ግን ዘወትር በአቦል ተነሥተን እየሄድን «የሰፈር ሰው ወሬው ሁሉ ስለ ሽንኩርት ነው» ብለን እንንቃለን። በሳምንት አንድ ቀን እስከ በረካ መቀመጥ ከያዝናቸው ልማዶች ሁሉ የከበደንም እርሱ ነው፤ ከሰፈሩ የበለጠ ያወቅነውም በእርሱ ነው።

እድርንም ያለ ምክንያት አላነሣነውም። እድር ድንኳንና ወንበር፣ ብረት ድስትና መዋጮ ብቻ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን እድር ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጣጠረው መገኘትን ነው። ስም ይጠራል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። አያቶቻችን ሰው በሰው ሐዘን ላይ መገኘትን ለስሜት ብቻ አልተዉትም፤ የቅጣት ደንብ አወጡለት፤ ሰነፍ መሆናችንን ያውቁ ነበርና። እኛ ወላጆቻችን አባል ስለ ሆኑ ብቻ ነገሩ የማይነካን ይመስለናል። በዕጣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ እንኳ እድር ያቋቁማሉ። እኛ በአንድ አዳራሽ አራት ዓመት የምንቀመጠው ግን አጠገባችን የነበረው ልጅ ሲጠፋ «ዊዝድሮው ሞልቶ ይሆናል» ብለን ወንበሩ ላይ ቦርሳችንን እናስቀምጣለን። ይህን ሰምቶ «የተማሪዎች እድር እናቋቁም» የሚል እንደሚነሣ እንገምታለን። ባይነሣ ደስ ይለናል። ማኅበር ማቋቋምማ እንወዳለን፤ ሊቀ መንበር፣ ምክትል ሊቀ መንበር፣ ጸሓፊና ማኅተም ለማግኘት ከእኛ የሚቀድም የለም፤ ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ ማኅተሙ ብቻ ይቀራል። የምንለው ከዚህ ያነሰ ነው። አጠገብህ ያለው ወንበር ሁለት ቀን ባዶ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ደውል፤ ስልኩ ከሌለህ ስልኩን ከሚያውቅ ፈልግ። የክፍላችን ልጆች ይህን ከጀመሩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተደውሏል። ሁለቱ ተኝተው የቀሩ ነበሩ፤ ተቈጡንም። ሦስተኛዋ ግን የቤት ኪራይ አጥታ ትምህርቷን ለመተው እቃዋን እየሰበሰበች ነበር። ዛሬ ከእኛ ጋር ትማራለች፤ እንዴት እንደ ሆነ የእርሷ ጉዳይ ነው።

የባለ ሹራቡን ልጅ ነገር ሳንጨርስ እንዳንቀር። ያን ቀን ፒያሳ ስንወርድ ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም እኛን ያጽናና ጀመር፤ «ምን ታደርጉ፣ እኔም አልነገርኳችሁ» አለ። ስሙን ጠየቅነው፤ ማን እንዳወጣለትም ጠየቅነው። እናቱ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰልፉ ላይ ስለ ብዙ ነገር ተነጋግረናል፤ አንዳንድ ቀንም ምንም ሳንናገር ቆመናል።

የእናቱ አርባ የወጣ ዕለት አራታችንም ሄድን። ድንኳኑ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥን እንጀራ የሚያቀርቡ አንዲት ጎረቤት አጠገባችን ቆሙና «እናንተስ የማን ልጆች ናችሁ?» አሉን። «የታክሲ ጓደኞቹ ነን፣ እትዬ» አልናቸው። ሌላ ስም ብንፈልግ አላገኘንም። ሴትዮዋ ትሪያቸውን ይዘው አልሄዱም። «ማን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» ሲሉ ጠየቁን። የመታወቂያ ስሙን ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እናቱ እርሱን የሚጠሩበት የቤት ስሙ ሌላ እንደ ነበረ፣ ለምን እንደዚያ እንዳሉትም ዝቅ ባለ ድምፅ አጫወቱን። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፤ በሰልፉ ላይም በዚያ ጠርተነው አናውቅም። እርሱ ራሱ ከነገረን ያን ጊዜ እንጠራዋለን።